በእግሩ ሲመጣ አትጎትቱት

ይህን የምጽፈው ለነፍሰ ጡር ሴት ብቻ ብዬ አይደለም። እሷማ ምጥ ሲይዛት ምኑን ታነበዋለች! የምጽፈው አጠገቧ ለሚቀመጡት ነው፤ ለእናት፣ ለአማት፣ ለጎረቤት፣ “እኔ ስንቱን ተቀብዬ” ለምትል ዘመድ። እኔ ከሞት አፋፍ የተመለስኩ ጀግና አይደለሁም። በጣም የፈራሁ፣ ከፍርሃቴም ብዛት ብዙ የለፈለፍኩ ሴት ነኝ። ከፍርሃቴ የተማርኩት ነገር ግን ለሌላው ይጠቅም ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት፣ ሲመሽ ሰዓት እላፊ እግራችንን የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። ኮምቦልቻ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ ይመር የጋራዥ መካኒክ ነው። የምንኖረው ከእናቱ ከእማ ዘምዘም ጋር ሲሆን፣ እሳቸውም በሰፈሩ ምጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠሩ ሴት ነበሩ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚያው ቤት ነው። ምጡ ገና ሳይጠና አንድ እግር ብቅ አለ። አንዲት ጎረቤት፣ “በእግሩ የመጣ መንገደኛ ይሆናል፤ ይኸው ከወዲሁ ቸኩሏል” ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። እኔም ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁለተኛው እግር መጣ። እማ ዘምዘም ቢስሚላሂ ብለው ሁለቱንም በጨርቅ ያዙና ሳቡ። ሰውነቱ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ግን ቀረ። የቀረውን አልተርከውም። በመጨረሻ ሲወጣ አላለቀሰም። ወንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ልጅ በቤታችን አንድ ቃል አልተነሳም። አማቴን አከብራቸዋለሁ፤ ከሶላት በፊት ለውዱእ ውሃ አቀርብላቸዋለሁ፤ ነጠላቸውን እተኩሳለሁ። እጃቸው ትከሻዬን ሲነካኝ ግን ሰውነቴ ይኮማተር ነበር። እሳቸውም ያውቁታል መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ መንካት ተዉ።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ድቡልቡል ጠንካራ ነገር መጥቶ ተቀመጠ። ስጎነበስ ይወጋኛል፤ ስፌት ላይ ስቀመጥ ትንፋሽ ያሳጥረኛል። ክሊኒክ ሄድኩ። የነበረው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ በጣቱ ጫን አደረገኝና፣ “ጨጓራ ነው” አለ። ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በርበሬም ከለከለኝ። አልጫ ስበላ ከረምኩ። እንግዲህ በርበሬ የተነፈግኩት በልጄ ራስ ምክንያት መሆኑን ማን ይንገረኝ!

ልጁ ደግሞ የሚራገጠው ወደ ታች ነው። ሴቶቹ፣ “ወርዷል፣ ቀርቧል፣ ዛሬ ነገ ነው” እያሉ ቅቤና ጨርቅ አዘጋጁ። ቀኑ ገና ነበር። ሆድ በማሸት የታወቁ አንዲት ሴት ተጠርተው መጡና ሆዴን በቅቤ እያሹ፣ “መንታ ነው፤ አንዱ ላይ አንዱ ታች” አሉ። ከዚያ ሊያስተካክሉት ሲጫኑኝ ጮኽኩ። “ተያት!” አሉ እማ ዘምዘም ከጥግ። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። ሴትየዋም ተቀይመው ሄዱ።

ነገሩን ያወቀችው ዩኒፎርም ልታሰፋ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ልኳን ስወስድ ጎኔን ይዤ ስቃትት አየችኝና እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችኝ።

“ይሄ ጨጓራ አይደለም እህቴ፣ ጭንቅላት ነው። ልጅሽ ቁጭ ብሏል። ደሴ ሆስፒታል ውጪ፤ ምጥ እስኪይዝሽ እንዳትጠብቂ።”

ያን ቀን ማታ ይመርና እናቱ ባሉበት፣ “ይቅደዱኝ፤ ልጁን በሆዴ በኩል ያውጡልኝ፤ ሁለተኛ በእግር አልወልድም” አልኩ። ይመር ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ማለት ለኛ ሰፈር ሰው ግማሽ ቀብር ነበር።

“ኧረ በአላህ ሐዋ፣ ቢላዋ ገብቶብሽ...” ብሎ ጀመረ።

“ትሂድ” አሉ እማ ዘምዘም። “እኔም አብሬያት እወጣለሁ። ያቺን በግ ሽጣት።” በጓ የታሰበችው ለዒድ ነበረች።

ይመር ከሚያውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ጎን ተጭነን ወጣን። የኮምቦልቻና የደሴን ዳገት በእያንዳንዱ ጥምዝ ሆዴን በሁለት እጄ እያቀፍኩ ጨረስኩት። ኬላው ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና ሆዴን እያየ፣ “ምንድን ነው የያዝሽው?” አለ፤ እቃ ሸሽጌ መስሎት። እማ ዘምዘም በመስኮት ብቅ ብለው፣ “የወደፊት አብዮት ጠባቂ ነው፣ ግን ተቀምጦ አልነሳም ብሏል” አሉት። ሰውየው ሳቀና በእጁ አሳለፈን። እኔም ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሳቅኩ።

ያረፍነው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። የሟቹ የይመር አባት ወዳጅ ቤተሰብ ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው። ስንገባ አዲስ ድስት ከጓዳ አውጥተው፣ “ይህ የእናንተ ነው፤ የኛ ሥጋ አልነካውም” አሉን። አንድ ክፍል ለቀቁልን። ሌሊት ፍርሃቴ ሲነሳ፣ እማ ዘምዘም በአንዱ ጥግ ፋጡማን፣ ወይዘሮ አስካለ ከግድግዳው ማዶ ማርያምን ሲለማመኑ እሰማ ነበር። ሁለቱም ስሜን ይጠራሉ። በዚያ መካከል እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሆስፒታሉ ገና በጠዋት ይሞላል። ከሰሜን የመጡ ቁስለኛ ወታደሮች በአገናኝ መንገዱ ተኝተዋል፤ አግዳሚው ላይ እኛ ሆዳሞቹ ተደርድረናል። እዚያ ነው ሰዓዳን ያወቅኳት፤ ከኩታበር የመጣች፣ ልጇ እንደኔ የተገለበጠባት፣ የመጀመሪያዋ የሆነ ልጅ እግር። ወረፋችን እስኪደርስ ቆሎ ታቃምሰኛለች። “የኔ ቆሟል አሉኝ፤ ያንቺስ?” ትለኛለች። “የኔ ተቀምጧል” እላታለሁ። “ያንቺስ ጨዋ ነው” ትላለች። የፈራ ሰው በምን እንደሚስቅ አይታወቅም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ሆዴን መረመረና ጠየቀኝ፤

“የመጀመሪያው ልጅሽስ?”

“ሞቷል።”

“እንዴት?”

የመለሱት እማ ዘምዘም ናቸው። “በእግሩ መጣ ዶክተር። ያዝኩት። ሳብኩት። ራሱ ቀረ።”

ያዝነው አላሉም፤ ያዝኩት ነው ያሉት። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና ወደ እሳቸው ዞረ።

“እናቴ፣ ለሕፃን ጠባብ ሹራብ አውልቀው ያውቃሉ? በኃይል ከሳቡት ምን ይሆናል?”

“እጁ ሽቅብ ይነሳል። አገጩ ይያዝና ያለቅሳል።”

“በእግሩ ወይም በመቀመጫው የሚመጣ ልጅም እንደዚያው ነው። ሲጎተት እጆቹ ወደ ራሱ ጎን ይነሳሉ፣ አገጩ ቀና ይልና ይቀረቀራል። ካልጎተቱት አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ይመጣል። ይህን የነገረዎት ሰው አልነበረም፤ ጥፋት ብለው አይያዙት።”

እማ ዘምዘም፣ “ሱብሃነላህ” አሉ። እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ።

ከዚያ ዶክተሩ በሌላ ክፍል አስተኝቶኝ ሆዴን በሁለት እጁ ይዞ ልጁን ሊያገላብጠው ሞከረ። በልቤ፣ “ይሄማ ያቺ ቅቤ ይዘው የመጡት ሴትዮ ሥራ አይደል እንዴ?” አልኩ። ልዩነቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ይህኛው ከመንካቱ በፊት እንደ መለከት ያለች ማዳመጫ ሆዴ ላይ ተክሎ የልጁን ልብ ያዳምጣል፤ ትንሽ ይገፋና እንደገና ያዳምጣል። ማዋለጃውንና ኦፕራሲዮን ክፍሉንም የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ልቡ ዝግ ሲልበት ወዲያው እጁን አነሳ። “አልፈለገም፤ አንታገለውም” አለ።

“እንግዲያው ቅደዱኝ” አልኩት።

ተቀመጠና አስረዳኝ። እስካሁን እንደዚያ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሐኪም አላየሁም። “ኦፕራሲዮን ለልጁ ያን የጭንቅላት መያዝ ነገር ያስቀርለታል፤ ይህ እውነት ነው። ላንቺ ግን ማደንዘዣ አለው፤ ብዙ ደም ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ማህፀንሽም ላይ ጠባሳ ይቀራል። ወደፊት ስታረግዢ፣ ቤትሽ ሆነሽ ምጥ ቢጠናብሽና መኪና ቢጠፋ፣ ያ ጠባሳ ሊተረተር ይችላል። ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ?”

“አላህ የሰጠኝን።”

“ጠባሳው በእያንዳንዱ አብሮሽ ይኖራል ማለት ነው። በምጥ ከወለድሽው ደግሞ አንቺ ቶሎ ትነሻለሽ፤ ስጋቱ የልጁ ነው። የመጀመሪያው በእግሩ መጣ፤ እግር ቀጭን ነው፣ መንገዱ ሳይከፈት ሾልኮ ይወጣል። ይህኛው በመቀመጫው ነው፤ እግሮቹን ወደ ፊቱ አጥፏል። መቀመጫ መንገዱን ከፍቶ ነው የሚመጣው። ዳሌሽ በቂ ነው፤ ልጁም ግዙፍ አይደለም። ምጡ ከገፋ እናዋልድሻለን። ከቆመ ወይም የልጁ ልብ ከደከመ ሳንውል ሳናድር ኦፕራሲዮን ትገቢያለሽ። ዋስትና ግን በየትኛውም በኩል የለኝም።”

“እህትዎ ብሆንስ?”

“እዚህ አጠገቤ እስካለሽ፣ ሞክሪ እልሻለሁ። ኮምቦልቻ ቤትሽ ሆነሽ ከሆነ ግን በጭራሽ።”

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ቢላዋውን ፈልጌ የወጣሁት ያን የሚጎትት እጅ ስለምፈራ ነበር። ይህ ሰው ግን አልጎትትም ነው ያለኝ። ጠዋት፣ “እሞክራለሁ፤ ማንም እንዳይጎትተው ብቻ” አልኩት። ሰዓዳን ግን እንድትሞክር አልመከራትም። የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጁም በእግሩ ቆሟል፤ ለእሷ የኦፕራሲዮን ቀን ተቆረጠላት። ያው ሐኪም ነው፤ ለሁለታችን የተናገረው የተለያየ ነው።

ለእኔም ለክፉ ቀን ደም ይቀመጥ ተባለ። ይመር ከኮምቦልቻ መጣ። የመኪና ሆድ ገልብጦ የሚያድር ሰውዬ መርፌውን ሲያይ ላብ አሰመጠው። እማ ዘምዘም እጃቸውን ገልጠው፣ “የኔን ውሰዱ” አሉ። ደም የምትቀዳው ነርስ ሳቀች፤ “እናቴ፣ እርስዎስ ራስዎ ሰጪ የሚፈልጉ ነዎት።” ይመር ይህን ሲሰማ አፈረና ክንዱን ዘረጋ። ኋላ እኔ አላስፈለገኝም። ሰዓዳ ኦፕራሲዮን ስትገባ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ዓይነቱ ስለገጠመ የይመር ደም ለእሷ ተሰጠ። እሷም ተረፈች፤ ልጇም።

ምጤ የጀመረው ወይዘሮ አስካለ ቤት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። በእግር ደርሰን ገባን። ዘመድ ከማዋለጃው አይገባም፤ አማቴ በሩ ጋ ቀሩ። የማዋለጃዋ ነርስ በየጊዜው የልጁን ልብ ታዳምጣለች፤ “አብሽሪ፣ ጎበዝ ነው” ትለኛለች። ምጡ ገፋ። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስትወጣ መቀመጫው መጣ፤ ከዚያም እግሮቹ ተራ በተራ ዱብ ዱብ አሉ። እስከ እምብርቱ መጣና ቆመ።

ቀና ብዬ ዶክተሩን አየሁት። ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሟል። ልጄ ግማሹ ውጪ፣ ግማሹ ውስጥ፤ እሱ ቆሟል! ያ የቀድሞው ልጄ ፊቴ ድቅን አለ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ቃል እስካሁን እሰማዋለሁ።

“ጎትቱት!” ብዬ ጮኽኩ። “በአላህ ጎትቱት! ልጄ ሞተ፣ ጎትቱት!”

ማንም እንዳይጎትተው ብዬ የገባሁት ሴት ነኝ፤ ዳሩ ግን እጄ ቢደርስ ኖሮ ራሴ እጎትተው ነበር። ዶክተሩ ድምፁን ሳይለውጥ፣ “አይጎተትም። ምጥሽ ሲመጣ አምጪ፤ እሱ ይመጣል” አለኝ። ምጡ መጣ። አንድ ክንድ፣ ቀጥሎም ሌላው ክንድ ወረደ። ነርሷ ከእምብርቴ በታች ቀስ ብላ ተጫነችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ዶክተሩ እጁን ፈታና የልጁን አካል ክንዱ ላይ አስተኝቶ ጭንቅላቱን እየደገፈ አወጣው። አገጩ ደረቱ ላይ ነበር።

ወዲያው አላለቀሰም። ነርሷ አፉን ጠረገች፤ ጀርባውን በጨርቅ አሸች። ከዚያ እንደ ድመት አንድ ጊዜ ሚያው አለች፤ ቀጥላም ክፍሉን በጩኸት ሞላችው። ሴት ነበረች። ከበሩ ውጪ የአማቴ እልልታ ተሰማ፤ አንዱን ወታደር ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት አሉ።

ከሰዓት ወይዘሮ አስካለ፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለው ገንፎ ይዘው መጥተው ተመለሱ፤ እማ ዘምዘምና እኔ ብቻችንን ቀረን። ልጅቱን በስስት ያዩዋታል፤ እጃቸው ግን አሁንም ነጠላ ውስጥ ነው።

“ሰማሁሽ” አሉኝ።

ምኑን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም።

“እማ፣ እኔም እጎትተው ነበር” አልኳቸው። “ማወቅ አያስጥልም፤ ሐኪሙ ባይኖር ጎትቼ እገላት ነበር። እርስዎ ስለጨከኑ አይደለም። ስለፈሩ ነው።”

ያኔ አለቀሱ። ያ ልጅ ከሞተ ወዲህ እንባቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። “እግሩ ትንሽ ነበር፤ እጄ ላይ አለ፤ ሌት ተቀን እጄ ላይ አለ” አሉ። ልጅቱን አንስቼ ነጠላው ውስጥ፣ እጃቸው ላይ አስቀመጥኳት። ስሟን ረሕመት ብለው ያወጡት እሳቸው ናቸው።

አንባቢዬ፣ በምጥ መውለድ ይሻላል እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሰዓዳ ብትሞክር ምን ይሆን እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። የእሷ ቁስል ቆይቶ ነው የዳነው፤ ቀጥሎ ስታረግዝም ቀኗ ሳይደርስ ደሴ መጥታ ዘመድ ቤት ትቀመጥ ነበር፤ ጠባሳዋን ስለምታውቅ። እኔ ደግሞ በሦስተኛ ቀን ተነስቼ ሄድኩ። ሁለታችንም ልጅ አቀፍን። የቱ መንገድ ላንቺ እንደሚሆን ሆድሽን የመረመረው ሐኪም ይንገርሽ፤ ያ ሐኪም ደግሞ የሚገኘው ምጥ ሳይዝሽ ስትሄጂ ነው።

ረሕመት ትምህርት ቤት ስትገባ አካባቢ፣ የጎረቤታችን ምራት ቤቷ ሳለች ምጥ ያዛት፤ እግር ብቅ አለ። ሴቶቹ ተነሱ። እማ ዘምዘም፣ “እጃችሁን ሰብስቡ! ሹራብ ነው፣ ሹራብ!” ብለው ጮኹ። ማንም አልገባውም፤ ግን ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ይመር መኪና ፈልጎ አመጣ። ገና ቀን ነበር፤ ኬላውም አሳለፈን። ሴትየዋን መሐል አስተኝተን ዳገቱን ስንወጣ፣ አንዷ እግር ታየናለች፤ ሴትየዋም “አውጡልኝ፣ ሳቡልኝ” እያለች ታለቅሳለች። ዞር ስል አማቴ ሁለት እጆቻቸው ላይ ተቀምጠዋል። መኪናው ሲነጥር እንኳ አላወጧቸውም። ደሴ እንደደረስን ኦፕራሲዮን ገባች፤ ወንድ ልጅ ወጣ፣ እየጮኸ።

ስንመለስ እጃቸው ደንዝዞ ጣቶቻቸውን እያሸሁላቸው፣ “ምነው እማ፣ ለምን ተቀመጡበት?” አልኳቸው።

“አላምነውማ” አሉኝ። “ልቤ ሲፈራ እሱ ይቀድማል።”

እኔም የራሴን አላምነውም። እናንተም የእናንተን አትመኑት፤ ተቀመጡበትና መኪና አስጠሩ።